ዓርብ ተጥዶ ቅዳሜ የሚበላው ዳፊና

ዳፊና መሥራት ከባድ አይደለም። የሚከብደው ድስቱን አለመንካት ነው። ወጥ እያማሰለ ያደገ እጅ እዚህ ጋ ማረፍ አለበት፤ ይህን ከቻላችሁ ሌላው ቀላል ነው።

ዳፊና የሞሮኮ አይሁዶች የሰንበት ምሳ ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የተቀበረ፣ የተሸፈነ እንደማለት ነው። ስኺና የሚሉትም አሉ፣ ትኩስ ለማለት። ኦሪት ዘጸአት 35፥3 በሰንበት በቤታችሁ እሳት አታንድዱ ስለሚል፣ ድስቱ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጣድና ቀድሞ በተለኮሰ ስስ እሳት ያድራል፤ ቅዳሜ ከምኩራብ ሲመለሱ ትኩሱን ይበሉታል። ድሮ በሞሮኮ ከተሞች ዓርብ ከሰዓት ድስቱን ዘግተው ፈራን ወደሚባለው የሰፈር ዳቦ መጋገሪያ ይልኩት ነበር። የሁሉም ቤት ድስት እዚያ ጎን ለጎን ያድራል።

ምግቡ ስፔንም ነበር፣ አዳፊና ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1492 አይሁዶች ከስፔን ሲባረሩ ብዙዎቹ ወደ ሞሮኮ ተሻገሩ። በግድ ክርስትና ተቀብለው እዚያው የቀሩት ደግሞ፣ ዓርብ ለቅዳሜ የሚሆን ድስት መጣዳቸው ኢንኩዊዚሽን በሚባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት ፍርድ ቤት ፊት ማስረጃ ሆኖ ይቀርብባቸው ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ድስቱን ስጥድ ሁሌ ትዝ ይለኛል።

የእኛዎቹ ቤተ እስራኤል ያንኑ የኦሪት ቃል ይዘው ሌላ መንገድ ሄዱ። ኢትዮጵያ ሳሉ ሰንበት ሲገባ እሳቱን ያጠፉት ነበር፤ ዓርብ የጋገሩትን ዳቦና የሠሩትን ምግብ ቀዝቃዛውን ይበሉ ነበር። እስራኤል ገብተው ቅዳሜ ቀን ከሞሮኮዎቹ ጎረቤቶቻቸው ቤት የሚወጣውን የትኩስ ሥጋ ሽታ ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም።

እኔም ዳፊናን የተማርኩት አሽዶድ በምትባል የእስራኤል ከተማ ስኖር፣ ፎቅ ላይ ከነበሩ የካዛብላንካ ተወላጅ እናት ነው። የማካፍላችሁ የእሳቸውን አሠራር ነው፤ ስድስት ሰው ያጠግባል።

ሐሙስ ማታ ሁለት ኩባያ ሽምብራ ዘፍዝፉ። ያልተከካውን፣ ትልልቁን ሽምብራ ነው የምላችሁ። ዓርብ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ሥራ ጀምሩ። ወፍራም ቂጥ ያለው ትልቅ ድስት ያስፈልጋችኋል፣ ስስ ድስት ሌሊቱን አይችለውም። ሁለት ራስ ሽንኩርት በዘይት ቡናማ እስኪሆን አቁላሉ። ቅቤ እንዳታስገቡ! በአይሁድ ሕግ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አንድ ድስት ውስጥ አይገናኙም፣ ስለዚህ ንጥር ቅቤም ቢሆን አይገባም። የምግቡ ቅባት የሚመጣው ከመቅኔው ነው።

ከሽንኩርቱ ላይ ሽምብራውን ዘርጉ። በላዩ አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ በትልልቁ ተቆርጦ፣ ከሁለት ሦስት መቅኔ ያለው አጥንት ጋር ይግባ። ለጥብስ የሚሆን ለስላሳ ሥጋ አትግዙ፣ ይበታተናል፤ ቅልጥም ወይም ጅማት የበዛበት ደረት ነው የሚያምርበት። ስምንት መካከለኛ ድንች ልጣችሁ ሳትቆርጡ ዙሪያውን ደርድሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፓፕሪካ (የማያቃጥል ቀይ የበርበሬ ዱቄት)፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው፣ አንድ ሙሉ ራስ ነጭ ሽንኩርት ሳይፈለፈል፣ ፍሬያቸው የወጣ አራት ቴምር ጨምሩ። ቴምሩን አትዝለሉት፣ ያ ጠቆር ያለ ቀለምና ለስለስ ያለ ጣፋጭነት ከእሱ ነው። በርበሬያችንን በፓፕሪካው ፋንታ ሞክሬዋለሁ፤ ይጣፍጣል፣ ግን ወጥ ይሆናል እንጂ ዳፊና አይሆንም።

አሁን ስንዴው። አንድ ኩባያ ስንዴ ከትንሽ ዘይት፣ ጨው፣ ፓፕሪካና ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጋር ለውሱና በንጹሕ አቡጀዴ ቋጥሩት። ሲበስል ስለሚያብጥ ቋጠሮው ውስጥ ግማሽ ያህል ባዶ ቦታ ተዉለት። ድስቱ ውስጥ ከሥጋው ጎን አስቀምጡት።

እንቁላሉን የምወደው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ስድስት ወይም ስምንት እንቁላል በደንብ ታጥቦ ጥሬውን ከነቅርፊቱ ይገባል። ውሃው ሳይፈላ ነው የሚገባው፣ አለዚያ ይሰነጠቃል። አድሮ ሲላጥ ነጩ የቡና ቀለም ይይዛል፣ አስኳሉም ክሬም ይመስላል፤ ተራ ቅቅል እንቁላል ከእሱ ጋር አይወዳደርም። ከግሪኳ ተሰሎንቄ እስከ ቱርኳ ኢዝሚር የነበሩ የስፔን ተወላጅ አይሁዶች እንቁላሉን ብቻውን ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር እንዲህ በስስ እሳት ያሳድሩታል፣ ስሙም ሐሚናዶስ ነው።

ውሃ ሁሉንም ሸፍኖ ሁለት ጣት ያህል ከፍ እስኪል ጨምሩ። መጀመሪያ ጊዜ ስሠራ ውሃ አሳነስኩና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሽምብራ ቃጠሎ ሽታ ቀሰቀሰኝ፤ ያን ሁሉ ሥጋ ጣልኩት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ አትሰስቱ። ቀስ ብሎ ይፍላ፣ አረፋውን ግፈፉ፣ በስስ እሳት አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ጨዉን ቅመሱ፣ ውሃውን እዩ። ማስተካከል የምትችሉት አሁን ብቻ ነው።

ከዚያ ክዳኑን ግጥም አድርጉ። ክዳኑ ከላላ ዙሪያውን በሊጥ ምረጉት። 100 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ ኦቨን ውስጥ አስገቡትና ተኙ። እስራኤል ያሉት ፕላታ በሚሉት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ ያሳድሩታል። ጋዝ ብቻ ካላችሁ ግን ሰው ተኝቶ ክፍት እሳት ማሳደሩን አልመክርም፤ ቀን ላይ፣ እየተጠባበቃችሁ ስምንት ሰዓት ያህል አብስሉት። ጣዕሙ የአዳሪውን ያህል ባይጠልቅም ጥሩ ነው።

ቅዳሜ 6 ሰዓት ላይ ክፈቱት። ሽታው ቤቱን ቀድሞ ሞልቶታል። ሁሉንም አንድ ላይ አትገልብጡት። መጀመሪያ እንቁላሉን ላጡና ጨውና የተፈጨ ከሙን ነስንሳችሁ አቅርቡ። ስንዴው ከቋጠሮው ወጥቶ ለብቻው ሳህን፣ ድንቹና ሽምብራው ከመረቁ ጋር ሌላ ሳህን፣ ሥጋው ሌላ። መቅኔውን ዳቦ ላይ አራግፉት፣ ነጭ ሽንኩርቱንም ከልጣጩ ጨምቃችሁ እንደ ቅቤ ቀቡት። ከታች ያለው ድንች በአንድ ጎኑ ጠቁሮ ይወጣል። እኛ ቤት በእሱ ነው የምንሻማው።