ሳይት የገባ ተለማማጅ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለተግባር ልምምድ ወደምንሠራው ሕንፃ የሚመጡ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎችን በየዓመቱ እቀበላለሁ። ቀመሩን ከእኔ ይልቅ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። የሚሰናከሉት ሌላ ቦታ ነው።

ሳይገባ «እሺ» ማለት። ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። አንድ ጠዋት አንዱን ልጅ «ኮለኑ ሳይሞላ ስታፋው በስንት በስንት እንደታሰረ ለክተህ ንገረኝ» አልኩት፤ ስታፋ የኮለኑን፣ ማለትም የምሰሶውን፣ ዋና ብረት የሚከብበው ቀለበት ነው። «እሺ» ብሎ ሄደ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ «ሁሉም ደህና ነው» ብሎኝ ተመለሰ። ሚክሰሩ መሽከርከር ከጀመረ በኋላ ልቤ አላርፍ ብሎኝ ሜትር ይዤ ወጣሁ። ፕላኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሚለው ቦታ 22 ሆኖ ጠበቀኝ። ተፈትቶ እስኪታሰር ግማሽ ቀን ሥራ ቆመ። ልጁን ስጠይቀው አቀረቀረ፤ ለካ ስታፋ ምን እንደሆነ አያውቅም! ክፍል ውስጥ የተማረው «ስቲረፕ» ብሎ ነው። ሳይት ግን ከጣሊያን በወረሰው ቃል ይግባባል፤ ብረቱ ፌሮ፣ የፎቁ ወለል ሶሌታ ነው። አለማወቁን አልተቆጣሁም። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት «ባሬላ!» ሲባል፣ ዕቃ መሸከሚያው መሆኑን ሳላውቅ፣ ሰው የተጠራ መስሎኝ ዞሬ አይቻለሁ። የተቆጣሁት «ደህና ነው» በማለቱ ነው። ትዕዛዝ ስትቀበሉ በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩ፤ «ዋናውን ብረት የከበቡትን ቀለበቶች ርቀት ልለካ ነው?» ማለት ጥቂት ሰከንድ ነው የሚወስደው።

ባለሙያውን ማቃለል። ሃያ ዓመት ብረት ሲያስር የኖረን ፌራዮ «አንተ፣ ና እስቲ» የሚል ተማሪ አጋጥሞኛል። ፌራዮው መጣ፣ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ፣ ሄደ። «ጋሼ» ብላ ቀርባ ሻይ የጋበዘችው ልጅ ግን ፕላን ላይ የማይገኘውን ሁሉ ከእሱ ተምራ ነው የወጣችው።

ቀን አሳስቶ መጻፍ። የአርማታ ናሙና በኩብ ተወስዶ ጥንካሬው እንዲለካ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይሰበራል። ኩቡ ላይ «5/4» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ እኛ ታኅሣሥ 5 እንላለን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራው አማካሪ ኤፕሪል 5 ብሎ ያነበዋል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፤ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጨምሩ።

ፕላን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ። የእናንተ ንብረት አይደለም፤ ፈቃድ ጠይቁ። ስለ ማርፈድ ደግሞ የሚነግራችሁ አታጡም።

የዕለት መዝገብን በመጨረሻው ሳምንት መሙላት። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ማታ የተጻፈ መዝገብ ገና ሲገለጥ ይታወቃል። ባለፈው ክረምት አንዱ ለፊርማ ያመጣልኝን ሳገላብጥ፣ ዝናብ ጥሎ ሁላችንም መጋዘን ተጠልለን በዋልንበት ቀን ላይ «የሁለተኛ ፎቅ ሶሌታ ተሞላ» ይላል።