ሌዲስ ስሊፐር ኦርኪድ አዲስ አበባ ላይ አልወጣ ላላችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ጎረቤቴ አበባውን አይታ «ይሄማ ኮንጎ ጫማ ነው» አለችኝ። አልተሳሳተችም። ፊት ለፊቱ ላይ የጫማ አፍንጫ የመሰለ ከረጢት አለው፤ ሌዲስ ስሊፐር የተባለውም ለዚህ ነው። የሳይንስ ስሙ ሲፕሪፔዲየም ነው። ከረጢቱ ለጌጥ ብቻ አይምሰላችሁ፣ ወጥመድ ነው። ንብ በፊት በኩል ትገባለች፣ በገባችበት መውጣት ያቅታታል፣ ከኋላ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ተጨናንቃ ስትሾልክ የአበባው ዱቄት ጀርባዋ ላይ ይለጠፋል። ማር እንኳን የለውም። ተሸውዳ ነው የምትገባው።

ተክሉ ወደ 50 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፣ አብዛኞቹ በረዶ የሚጥልበት አገር ልጆች ናቸው። ቀበና ላይ ለምን እንደሚያስቸግር ከዚህ ይጀምራል።

በመጀመሪያው ዓመት አበበ፣ በሁለተኛው ጠፋ

የእኔም የመጀመሪያው ተክል እንዲሁ ነው የሄደው። መጋቢት ላይ ተከልኩት፣ ሚያዝያ ላይ ሁለት አበባ ሰጠኝ፣ ቤተሰቡን ሁሉ እየጎተትኩ አሳየሁ። በዓመቱ አንዲት የስንዴ ቅጠል የምታክል ነገር ብቅ አለች፤ እሷም ሐምሌን አልተሻገረችም።

በሽታ አይደለም። ብርድ አጥቶ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ቡቃያ ሥሩ ላይ አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ ግን ሦስት ወር ያህል በደንብ ካልበረደው እንቅልፉን አይጨርስም። የታኅሣሥ ሌሊት እዚህ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጃኬታችንን አውልቀን ክንዳችን ላይ ይዘን ነው የምንሄደው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ብናልፍም አፈሩ ወር ሙሉ አይቀዘቅዝም።

መፍትሄው ፍሪጅ ነው። አትሳቁ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ራሱ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ኅዳር ሲገባ ሥሩን ሳትበጥሱ አውጡት፣ አፈሩን አራግፉ፣ በትንሹ እርጥብ ፑሚስ (ብሎኬት የሚሠራበት ቀላል ጠጠር) ሸፍናችሁ ፌስታል ውስጥ አስሩት። ፑሚሱ በእጅ ሲጨመቅ ጠብታ ውሃ መውጣት የለበትም። ከታች በአትክልቱ መሳቢያ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ላይ እስከ የካቲት መጨረሻ ይተኛ። ፍሪዘር ውስጥ ከገባ አለቀለት። ከሙዝና ከአፕል ጋርም አታስቀምጡት፣ የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ጋዝ ቡቃያ ይጎዳል። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አትጨነቁ፣ በሩን አለመክፈት ነው።

ፌስታሉ ላይ «አይበላም» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። እናቴ ዝንጅብል መስሏት ቢላዋ ስታነሳ ነው የደረስኩባት።

ፍሪጅ ውስጥ ሻገተ

እርጥበቱ በዝቷል። አውጥታችሁ እጠቡት፣ የለሰለሰውን ሥር ቁረጡ፣ ጥላ ውስጥ አንድ ሰዓት አናፍሱና ደረቅ በሚል ፑሚስ መልሱት። በየሁለት ሳምንቱ ፌስታሉን ከፍቶ ማየት ነው። ቡቃያው ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ተስፋ አለው።

ክረምት ላይ ግንዱ ጠቁሮ በእጅ ሲሳብ ወጣ

ጠጋ ብላችሁ አሽትቱት። ከሸተተ በስብሷል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የአፈሩ ነው። የግቢያችን ኮትቻ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ሆኖ ውሃውን አልለቅም ይላል። የዚህ ኦርኪድ ሥር እርጥበት ይወዳል፣ ግን አየርም ይፈልጋል፣ ጭቃ ውስጥ ይታፈናል።

ስለዚህ ኮትቻውን እርሱትና 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ታቹ የተበሳ ፖት ወይም አሮጌ ሳፋ ፈልጉ። ሬድ አሽ ከየግንባታው ጥግ አይጠፋም፣ ዘበኛውን ጠይቃችሁ ግማሽ ጆንያ ውሰዱ። ፑሚስም ይሆናል። ዱቄቱን በወንፊት አስወግዱ፣ የምትፈልጉት ከሽምብራ እስከ ባቄላ የሚያክለውን ጠጠር ነው። ለሦስት እጅ ጠጠር አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ቅጠል ይበቃል፤ እኔ የባሕር ዛፍ ቅጠል አልጠቀምም። ሥሩን እንደተዘረጋ ጣት ወደ ጎን አስተኙት፣ ቡቃያውን በሁለት ሳንቲሜትር ብቻ አልብሱት። ጠልቆ የተተከለ ይበሰብሳል።

የበሰበሰውን ለማዳን ነጭና ጠንካራ አካል እስክታገኙ ድረስ በንጹሕ ቢላዋ ቁረጡ፣ ቁስሉ ይድረቅ፣ የፈንገስ መድኃኒት ነክራችሁ በአዲስ ጠጠር ትከሉት። ሁልጊዜ አይድንም። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ፖቱን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አስጠጉት፤ ቀጥታ ዝናብ ቅጠሉ መሐል ሲተኛበት ነው መበስበሱ የሚጀምረው፣ በረዶ ከጣለ ደግሞ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

የቅጠሉ ጫፍ ተቃጠለ

ጫፉ ብቻ ቡናማ ከሆነ ጨው በዝቶበታል። የእኔን አንድ ደግ ሰው ትኩስ ፍግ አልብሶልኝ ነው። ይሄ ተክል የተራበ ቢመስልም ብዙ አይበላም፤ ማዳበሪያ ከሰጣችሁ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ሩቡን ብቻ፣ እሱንም ቅጠሉ እያደገ ባለበት ጊዜ። ከአሸንዳ ወደ ሮቶ የገባ የዝናብ ውሃ ካላችሁ ከቧንቧው ይሻላል። የተጠራቀመውን ጨው ለማጠብ ከታች እስኪፈስ ደጋግሞ ማጠጣት ነው።

ቅጠሉ መሐሉ ላይ ነጥቶ ከደረቀ ግን ፀሐይ ነው። የደጋ ፀሐይ ትጠብሳለች። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ያግኘው፣ ከዚያ በኋላ ጥላ።

ቅጠል ብቻ፣ አበባ የለም

ወይ ጨለማ ቦታ ነው፣ ወይ ልጅ ነው። ከዘር የተነሳ ተክል ለማበብ አምስትና ከዚያ በላይ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ስትገዙ ዕድሜውን ጠይቁ። ከውጭ ስታስመጡ ደግሞ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬትና የሳይተስ (ለመጥፋት የሚያሰጉ ዕፅዋትና እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈቃድ ይኑረው፣ ኦርኪድ በሙሉ በዚያ ስምምነት ሥር ነው።

ቡቃያው ሌሊት ተበላ

ቀንድ አውጣ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ የስልክ ባትሪ አብርታችሁ ፖቱን ከሥሩ አንስታችሁ እዩ፣ እዚያ ነው የሚደበቁት። በእጅ መልቀም ከሁሉ ይሻላል።

ጥቅምት አልፎ ቅጠሉ አልረግፍ አለ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ምናልባት የያዛችሁት ሲፕሪፔዲየም አይደለም። ፓፊዮፔዲለም የሚባል ከሞቃታማው እስያ የመጣ ዘመድ አለው፤ እሱም ያው ጫማ አበባ ያወጣል፣ እሱም ሌዲስ ስሊፐር ተብሎ ይሸጣል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፣ ብዙ ጊዜም ዝንጉርጉር ነው። ለአዲስ አበባ ቤት ይሄኛው በጣም ይቀላል፦ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው መስኮት አጠገብ፣ የዛፍ ቅርፊት የተሞላ ፖት፣ ሳይደርቅ ማጠጣት፣ በቃ። ፍሪጅ ውስጥ ካስገባችሁት ግን ገደላችሁት።