ከጉዞው በፊት ልቦለዱ

አንድ አካባቢ ለመሄድ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ታሪኩ እዚያው የሚፈጸም ልቦለድ ፈልጋችሁ አንብቡ። ጎጃም ከሆነ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» አለላችሁ። ካርታ አጠገባችሁ ዘርጉና ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን ከማንኩሳ እስከ ዲማ ተከተሉት። የአብነት ትምህርቱ፣ የባላባቱ ቤት ወግ፣ የገበሬው ምሬት፣ የሰዉ አነጋገር ሁሉም እዚያ አለ። ይህን ያህል ነገር የትኛውም አስጎብኚ በአንድ ቀን አይነግራችሁም።

ወደ ደቡብ ኦሞ ለሚወርድ ደግሞ የፍቅረማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ» ከሐመር ሕዝብ ጋር ያስተዋውቃል። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ የስብሐት ገብረእግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» የመሸታ ቤቶች ሰፈር የነበረውን የድሮውን ውቤ በረሃ ያሳያል (ለልጆች ግን አይሆንም)።

ስታነቡ የቦታ ስም ባገኛችሁ ቁጥር በእርሳስ አስምሩበት። ታሪኩ የትኛውን ዘመን እንደሚያሳይም ልብ በሉ፤ የበዛብህ ጎጃም የዛሬው ጎጃም አይደለም። እዚያ ስትደርሱ ያሰመራችሁባቸውን ስሞች ይዛችሁ የአገሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ጨዋታው የሚደራው ያኔ ነው።