በብዙ ዘውግ መጻፍ፤ ከወንጀል ልብወለድ እስከ ኩዊር ኢሮቲካ

አንድ ረቂቅ ይውሰዱና ወሲባዊ ትዕይንቶቹን በሙሉ ቆርጠው ያውጡ። የቀረው ታሪክ ቢሳሳም መነሻና መድረሻው ካልጠፋበት የጻፉት የፍቅር ልብወለድ ነው። ታሪኩ ጨርሶ ከፈረሰ ኢሮቲካ ነው፤ የታሪኩ ሴራ ራሱ ወሲባዊ ፍላጎቱ ነበርና። ትዕይንቶቹ ወጥተው ምንም ያልጎደለ ከሆነ ደግሞ ድሮውንም ቦታ አልነበራቸውም።

በተለያየ ዘውግ ለሚጽፍ ሰው ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ፈተና ነው። ዘውግ ለአንባቢ የተገባ ቃል ነው። የፍቅር ልብወለድ አንባቢ ታሪኩ ጥንዶቹ አብረው እያሉ፣ ቢያንስ ተስፋቸው ሳይሞት እንዲዘጋለት ይጠብቃል። የወንጀል ልብወለድ አንባቢ ጥፋተኛውን፣ ጥፋተኛ መሆኑን ባያውቅም፣ ከመጀመሪያው ሩብ ውስጥ ሊተዋወቀው፣ ፍንጮቹንም ከመርማሪው እኩል ሊያያቸው ይፈልጋል። በሳይንስ ልብወለድ አንድ እንግዳ ሕግ ከተሰጠ ሕጉ እስከ መጨረሻው ገጽ መከበር አለበት። የኢሮቲካ አንባቢ የሚጠብቀው ፍላጎት ታሪኩን እንዲነዳና መልስ እንዲያገኝ ነው፤ ጥንዶቹ በመጨረሻ ቢለያዩ ቅር አይለውም።

ኩዊር (ፍቅራቸው ወይም ፆታቸው ከተለመደው ውጭ የሆነ ሰዎች መጠሪያ) የሚለው ቃል ግን ስለ ሰዎቹ እንጂ ስለ ዘውጉ አይናገርም። ሁለት ወንዶች የሚዋደዱበት የወንጀል ልብወለድ ያው የወንጀል ልብወለድ ነው። ሁለቱን ማምታታት በመደብር መደርደሪያ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2009 አማዞን ላይ ከ57,000 በላይ መጻሕፍት የሽያጭ ደረጃቸው ጠፍቶ ነበር፤ ከተመቱት መካከል አንድም ወሲባዊ ትዕይንት የሌለባቸው የኩዊር መጻሕፍት ይገኙበታል። ኩባንያው ምክንያቱ የካታሎግ ስህተት መሆኑን ገልጿል። መጽሐፍዎን ሲመዘግቡ «ኢሮቲካ» የሚለውን መደብ ለኢሮቲካ ብቻ ይስጡት፤ ኢሮቲካውንም በፍቅር ልብወለድ መደብ ውስጥ አይደብቁት። የመጀመሪያውን መጣስ አንባቢ ያሳጣል፣ ሁለተኛውን መጣስ መጽሐፉን ከመደብር ሊያስወጣ ይችላል።

ርዝመትና የሥራ ሰሌዳ

ለሳይንስ ልብወለድና ለፋንታሲ የሚሰጡት የሁጎና የኔቡላ ሽልማቶች የሚሠሩበት ክፍፍል ጥሩ መለኪያ ነው፤ ከ7,500 ቃል በታች አጭር ልብወለድ፣ ከ17,500 እስከ 40,000 ኖቬላ (መካከለኛ ልብወለድ)፣ ከዚያ በላይ ረጅም ልብወለድ። በመካከል ያለው ከ7,500 እስከ 17,500 የራሱ መደብ አለው። የኢሮቲካ አጭር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 10,000 ቃል ይሄዳል። እነዚህ ቁጥሮች የተለመዱት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። በአማርኛ መስተዋድዱም ተውላጠ ስሙም በቃሉ ላይ ስለሚለጠፍ ያው ታሪክ በጥቂት ቃላት ያልቃል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ለማሟላት ብለው አያራዝሙ።

በቀን 1,000 ቃል፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚጽፍ ሰው የ80,000 ቃል ረቂቅ በ16 ሳምንት ይጨርሳል። ሁለት አዲስ ረቂቅ ጎን ለጎን ማስኬድ ግን አይመከርም፤ ድምፃቸው ይደባለቃል። የሚሠራው ዘዴ አንዱን መጻፍ፣ ሌላውን ማረም ነው። የወንጀሉ ረቂቅ በሚጻፍባቸው ሳምንታት ባለፈው ወር የተጻፈው የ6,000 ቃል ኢሮቲካ ከሰዓት ይታረማል። ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሻገርዎ በፊት ከሚሻገሩበት ሥራ ሁለት ገጽ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ድምፁን የሚመልሰው ጆሮ ነው።

ትዕይንቱን መገንባት

ወሲባዊ ትዕይንት በአሠራሩ ከጠብ ትዕይንት ጋር ይመሳሰላል። ሁለት አካል አለ፣ ቦታ አለ፣ ተራ በተራ የሚወሰድ እርምጃ አለ፣ ሲያልቅ አንድ ነገር ተለውጧል። ከመጻፍዎ በፊት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ እያንዳንዳቸው ምን ይፈልጋሉ? ምን ያግዳቸዋል? ትዕይንቱ ሲዘጋ ምን አውቀዋል ወይም ምን አጥተዋል? ሦስተኛውን መመለስ ካቃተዎት ትዕይንቱ ገና አልበሰለም።

ከ1,200 እስከ 2,000 ቃል ለሚሆን ትዕይንት ግማሹን ያህል ከመነካካት በፊት ላለው ጊዜ ይተዉ። ጀማሪ እዚህ ይቸኩላል። አንባቢን የሚይዘው በር ላይ የቆመው ሰው፣ ያልተመለሰው ጥያቄ፣ ሳይነሳ የቆየው እጅ ነው። ከዚያ በኋላ በየ200 ወይም 300 ቃሉ አንድ ነገር ይለወጥ፤ የበላይነቱን የያዘው ሰው፣ ፍጥነቱ፣ የተነገረው ቃል፣ የፈረሰው ፍርሃት። ለውጥ የሌለበት ገጽ የእንቅስቃሴ ዝርዝር ብቻ ይሆናል፤ አንባቢም ይዘለዋል። ከዳር ከደረሱም በኋላ ትዕይንቱን ወዲያው አይዝጉ። ቢያንስ 150 ቃል ከዚያ በኋላ ላለው ዝምታ ወይም ለመጀመሪያው ቃል ያስፈልጋል፤ ለውጡ የሚታየው እዚያ ነው።

ሲያርሙ የአቀማመጥ ዝርዝር ያውጡ። ማን በየት በኩል ነው? ልብሱ መቼ ወለቀ? መብራቱ በርቷል? የማን እጅ የት አለ? ብዙ ረቂቅ ውስጥ ሦስተኛ እጅ ብቅ ይላል፤ የወለቀ ሸሚዝ ከሁለት አንቀጽ በኋላ ሲወልቅ ማየትም የተለመደ ነው። ፈቃድን በተመለከተ ደግሞ እንደ ቅጽ መሙላት መሆን የለበትም። «እዚህ?» ብሎ መጠየቅ፣ «ቆይ» መባልና በእርግጥም መቆየት ውጥረቱን ይጨምራል። ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ዐዋቂ መሆናቸው ከሥራቸው፣ ከዕድሜያቸው፣ ከሚሸከሙት ኃላፊነት በግልጽ ይታይ፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወይም የሚመስል ገጸ ባሕርይ በዚህ ዘውግ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

አማርኛው የሚያመጣው ጣጣ

«ጎተተቻት፤ ወደቀች፤ ሳቀች።» ማን ጎተተች፣ ማን ሳቀች? ወንድና ሴት ቢሆኑ ግሡ ራሱ ይነግረን ነበር፤ «ጎተተችው፤ ወደቀ፤ ሳቀች»። ሁለት ሴት ወይም ሁለት ወንድ ሲሆኑ ግን ባለቤቱም ተሳቢውም አንድ ዓይነት የፆታ ምልክት ስለሚይዙ ትዕይንቱ በሦስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይጨልማል።

መውጫው ብዙ ነው። አንደኛ መደብ ከሁሉ ይቀልላል፤ «ሳምኳት» እና «ሳመችኝ» አይምታቱም። በሦስተኛ መደብ ከተጻፈ ትረካው ከአንዷ አንጻር ፈቀቅ አይበል፤ የሚሰማት የእሷ ብቻ፣ የሚታያት የሌላዋ ብቻ። ስምን መደጋገም አያሳፍር፤ አንባቢ ስምን ሳያስተውለው ያልፋል። «ረጅሟ»፣ «ጠይሟ»፣ «ታላቂቱ» እያሉ መተካት ግን ያስተውለዋል፤ ሰዎቹንም ከቅርብ ወደ ሩቅ ይገፋቸዋል። አካልን ከሰው ጋር የሚያስተሳስር አንድ ምልክት ለእያንዳንዳቸው መስጠትም ይረዳል፤ ቀለበት ያለበት እጅ፣ የተላጨ አንገት፣ ጠባሳ።

ቋንቋው ከሚያስቸግረው ይልቅ የሚሰጠው ይበልጣል። «እርስዎ» ሲባባሉ የቆዩ ሁለት ሰዎች አንዱ «አንተ» ያለበት ቅጽበት ልብስ ከማውለቅ በላይ ሊያጋልጥ ይችላል፤ በአንድ ታሪክ ውስጥ አንዴ ብቻ ይጠቀሙበትና ቦታውን በደንብ ይምረጡ። ወንድም ሴትም ነኝ ለማይል ገጸ ባሕርይ የአክብሮት መደቡ፣ «እሳቸው»፣ «መጡ»፣ «አሉ» ፆታ የለውም። (ይህ መመሪያ አንባቢውን የሚያነጋግረው በዚሁ አይደል?) ጉዳቱ በወጣት ገጸ ባሕርይ ላይ ሽማግሌ ማስመሰሉ ነው። ያንን የሚያስተካክለው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በእኩዮች አፍ ሲነገር ማሰማት ነው፤ ከአሥር ገጽ በኋላ ጆሮ ይለምደዋል። ሌላው አማራጭ ያንን ገጸ ባሕርይ ራሱን ተራኪ ማድረግ ነው፤ «መጣሁ» ፆታ አይጠይቅም።

የቃላት ምርጫው ጉዳይ ደግሞ አለ። ለአካል ያሉን ቃላት ሦስት ጓዳ ውስጥ ተከማችተዋል፤ የሐኪም ቃል ያቀዘቅዛል፣ የመንገድ ቃል ስድብ ይሆናል፣ የዘይቤ ቃል ከበዛ ያስቃል። ማርና አበባ በአንድ ገጽ ከተገናኙ የፍቅር ትዕይንቱ የሠርግ ዘፈን ሆነ ማለት ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ እጅ ሁሉን መሸፈን ይቀናዋል፤ ነገር ግን የተሸፈነው ምን እንደሆነ አንባቢ ሳያውቅ ከቀረ ወርቁ ጠፋ። ለእያንዳንዱ ታሪክ 20 ያህል ቃላት የያዘ አንድ ገጽ ያዘጋጁ፤ የትኛው ለተራኪው፣ የትኛው ለማን ምልልስ እንደሆነ ይለዩ። ብዙውን ሸክም የሚሸከሙት ተራ ቃላት ናቸው፤ አንገት፣ ወገብ፣ ጭን፣ ትንፋሽ።

ማንነትን በሚገልጹ ቃላትም እንዲሁ። በአማርኛ ከሚዘወተሩት ብዙዎቹ ፍርድ ያዘሉ ናቸው፤ ጨካኝ ገጸ ባሕርይ ሊላቸው ይችላል፣ ተራኪው ግን አይልም። «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» ንጹሕ ነው፤ ሆኖም የመግለጫ ሽታ ስላለው አልጋ ውስጥ ማንም ራሱን እንዲያ አይጠራም። ጌይ፣ ሌዝቢያን፣ ኩዊር፣ ትራንስ (ሲወለድ ከተባለለት ፆታ ሌላ የሆነ ሰው) በምልልስ ውስጥ ሕያው ናቸው። ከሁሉ የሚሻለው ብዙ ጊዜ ስምን መጥራት ነው።

ጥንዶቹ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያው የወንድና የሴት ታሪክ ወስዶ አንዱን ስም መቀየር ነው። ሲነበብ ወዲያው ይታወቃል፤ አንዱ «ባል» አንዱ «ሚስት» ሆነው ይቀራሉ፣ ማን ይጀምራል የሚለውም አስቀድሞ ተወስኗል። ሁለተኛው ፍቅራቸውን ሁልጊዜ በሞት ወይም በክህደት መቅጣት ነው። አሳዛኝ ፍጻሜ ክልክል አይደለም፤ ግን ሞቱ ከሴራው የመጣ ነው ወይስ ከልማድ? ሦስተኛው ትራንስ ገጸ ባሕርይን ለአንባቢ የሚገለጥ ምስጢር ማድረግ ነው፤ ሰውን ወደ አስደንጋጭ ትዕይንት ይለውጠዋል። ራስዎ የማይኖሩትን ሕይወት ሲጽፉ የሚኖረው ሰው እንዲያነብልዎት ያድርጉ፣ ለድካሙም ይክፈሉ፤ ረቂቁን የሚሰጡትም ከመጨረሻው እርማት በፊት እንጂ በኋላ አይሁን።

የብዕር ስም

አሜሪካዊቷ የወንጀል ልብወለድ ደራሲ ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ የሁለት ሴቶች ፍቅር የሚተርከውን ልብወለዷን እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣችው ክሌር ሞርጋን በሚል ስም ነው፤ ስሟ ተጽፎበት እንደገና የታተመው በ1990 ነበር። የብዕር ስም የሚያዝበት ምክንያት ደኅንነት ሊሆን ይችላል፣ ገበያም ሊሆን ይችላል፤ የሕፃናት መጽሐፍና ኢሮቲካ በአንድ ስም መውጣት የለባቸውም። ሁለት ስም ይበቃል፤ ከሦስት በላይ ሲሆን እያንዳንዱን በአዲስ መጽሐፍ መመገብ ያደክማል።

ስም መቀየር ብቻውን አይሰውርም። የሰነዱ መረጃ (Properties) ውስጥ «ደራሲ» የሚለው መስመር ላይ እውነተኛ ስምዎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ አስተያየትና የለውጥ ክትትልም ስም ይይዛሉ። ሁሉንም አጥፍተው በአዲስ ፋይል ያስቀምጡ። ፎቶ የተነሣበትን ቦታ ሊይዝ ይችላል። ለብዕር ስሙ የራሱ ኢሜይል ይኑረው፤ ከስልክዎ አድራሻ ደብተር ጋር አያገናኙት፣ አለበለዚያ መተግበሪያዎች «ሊያውቁት የሚችሉት ሰው» እያሉ ለዘመድ ያሳዩዎታል። ባሉበት አገር ጉዳዩ በሕግ የሚያስጠይቅ ከሆነ ጥንቃቄው ከገበያም ከዝናም ይቀድማል። ክፍያና ውል ግን በሕጋዊ ስም ይሄዳሉ፤ ስለዚህ አሳታሚው ማንነትዎን ያውቃል፣ ምስጢር የመጠበቅ አንቀጽ በውሉ ይጻፍ። በአሜሪካ ሕግ ማንነቱ ያልተመዘገበ የብዕር ስም ሥራ ከታተመ 95 ወይም ከተጻፈ 120 ዓመት፣ የቀደመው እስኪደርስ በቅጂ መብት ይጠበቃል፤ ደራሲው በመዝገቡ ከተገለጸ ዕድሜውና ከሞቱ በኋላ 70 ዓመት ይሆናል።

ሽያጭና ውል

የአማዞን የኪንድል ራስ-ማሳተሚያ ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለሆነ ኢ-መጽሐፍ በዋና ዋና ገበያዎቹ 70 በመቶ፣ ከዚያ ውጭ 35 በመቶ ይከፍላል። በ0.99 ዶላር የተሸጠ አጭር ታሪክ 35 ሳንቲም ገደማ ያስገባል። ስለዚህ አራት ታሪክ አጠራቅሞ በ2.99 መሸጥ ሁለት ዶላር ገደማ ያመጣል። ከገቡበት የብቸኛ ሽያጭ ፕሮግራሙ (KDP Select) ኢ-መጽሐፉን ለ90 ቀን ሌላ ቦታ እንዳይሸጡ ያግድዎታል፤ ካልሰረዙት በራሱ ይታደሳል።

ለኢሮቲካ በአንድ መደብር ላይ መንጠልጠል አደጋ አለው፤ የሚወስነው ባለ መደብሩ ብቻ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ2012 የክፍያ አስተላላፊው ፔይፓል የኢ-መጽሐፍ አከፋፋዩ ስማሽወርድስ የተወሰኑ የኢሮቲካ ይዘቶችን እንዲያነሣ ግፊት አድርጎበት ነበር፤ በጁላይ 2025 የጨዋታዎችና የዲጂታል ሥራዎች መደብሩ ኢች አዮ ከክፍያ አስተላላፊዎች በመጣ ግፊት የዐዋቂ ይዘቶችን ከፍለጋው ሰወረ። የመጨረሻው ፋይል፣ ሽፋኑና የአንባቢዎች የኢሜይል ዝርዝር በእጅዎ ይኑር። ሽፋኑ ላይ እርቃን አያድርጉ፤ ርዕሱም ሳይሸፋፍን ግን ሳይባልግ ምን እንደሆነ ይናገር።

ለመጽሔት ሲልኩ የሳይንስ ልብወለድና የፋንታሲ ጸሐፍት ማኅበር (SFWA) የሙያ ደረጃ ብሎ የያዘውን በቃል 8 የአሜሪካ ሳንቲም መነሻ ያድርጉ፤ 5,000 ቃል 400 ዶላር ይሆናል። የተላከውን፣ ቀኑን፣ የትኛው ስም እንደሆነ፣ መልሱን በሠንጠረዥ ይያዙ፤ ሁለት ስም ያለው ሰው የሚዋረደው በተሳሳተ ስም የተፈረመ ደብዳቤ ሲልክ ነው።

ውሉን ሲያነቡ ሁለት አንቀጽ ላይ ይቁሙ። መጽሐፉ ከገበያ ሲወጣ ወይም ሽያጩ ከተወሰነ ቁጥር ሲወርድ መብቱ መቼ እንደሚመለስ በቁጥር ይጻፍ። «የደራሲውን ቀጣይ ሥራ» ቀድሞ የማየት መብት የሚሰጠው አንቀጽ ደግሞ በብዙ ዘውግ ለሚጽፍ ሰው ወጥመድ ነው፤ እንዳለ ከፈረሙት ኢሮቲካዎንም መጀመሪያ ለወንጀል ልብወለዱ አሳታሚ ማቅረብ ሊኖርብዎ ነው። «በዚሁ የብዕር ስም፣ በዚሁ ተከታታይ የሚወጣ ቀጣይ የወንጀል ልብወለድ» ተብሎ እንዲጠብብ ይጠይቁ።