የልብ ደም ስር ያለቦታው ተነስቷል ከተባላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ሰው ለሌላ ነገር ሲቲ ስካን ይነሳና ሪፖርቱ ላይ «ኮሮናሪ አርተሪው ከትክክለኛ ቦታው አልተነሳም» የሚል ያነባል፣ ከዛ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩ ላይ ሲጎረጉር ያድራል፣ የሚያገኘው ደግሞ ሜዳ ላይ ወድቀው ስለቀሩ ስፖርተኞች ብቻ ነው። የዚህ ችግር ስሙ ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም፣ ወሳኙ የትኛው ደም ስር፣ ከየት ተነስቶ፣ በየት በኩል ያልፋል የሚለው ነው።

መጀመሪያ ኖርማሉን እንወቅ። ልብን የሚመግቡት ቀኝና ግራ ኮሮናሪዎች ከአኦርታ፣ ማለትም ከልብ ወጥቶ ለሰውነት ደም ከሚያከፋፍለው ትልቁ ደም ስር፣ ግርጌ ነው የሚነሱት፣ እዛ ካሉት ትንንሽ ኪሶች ግራው ከግራ ኪስ ቀኙ ከቀኝ ኪስ። ከ100 ሰው አንድ አካባቢ ወይ ከዛ ባነሰው ላይ ይሄ ይዛባል። አብሮ የሚወለድ ነገር ነው፣ በስብ ከሚዘጋው ጋር አታምታቱት።

ቀጥሎ ምልክታችሁን በደንብ አስታውሱና ጻፉት። ደረት ላይ የሚጫን ህመም፣ ልብ ያለወትሮው ድው ድው ማለት፣ ከሁሉ በላይ ግን እየሮጡ እያሉ መውደቅ። ብዙ ቆሞ ራስን መሳት ሌላ ነው፣ በሩጫ መሀል መሳት ግን እስኪጣራ ድረስ እንደ አደገኛ ነው የሚቆጠረው፣ በዛኑ ቀን ሀኪም ጋ ሂዱ። ምልክት የለኝም ብሎ መዘናጋትም አይሆንም፣ ፔት ማራቪች የሚባለው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኤንቢኤ ላይ 10 ሲዝን ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ1988 በ40 ዓመቱ ጨዋታ ላይ ወድቆ ሞተ፣ አስከሬኑ ሲመረመር ግራ ኮሮናሪው ከነጭራሹ አልነበረም።

ከዛ ምርመራ። ተኝታችሁ የሚነሳው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ብዙ ጊዜ ኖርማል ነው፣ እሱን ይዛችሁ አትረጋጉ። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ልጆች ላይ ጥሩ ያሳያል፣ ግን የሚያነሳው ባለሙያ የደም ስሩን መነሻ አስቦ ካልፈለገው በቀላሉ ያልፈዋል። ነገሩን የሚቆርጠው ለልብ ተብሎ በመርፌ ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳው ሲቲ ነው። ሪፖርቱ ላይ አራት ነገር መጻፉን አረጋግጡ፣ ከየትኛው ኪስ ነው የተነሳው፣ በአኦርታና ወደ ሳንባ በሚሄደው ትልቅ ደም ስር መሀል ያልፋል ወይ፣ የአኦርታን ግድግዳ ሰርስሮ የሚሄድ ክፍል አለው ወይ፣ የደም ስሩ መነሻ አፍ ክብ ነው ወይስ እንደ ስንጥቅ ጠባብ። ሰው ሁለቱ ትልልቅ ደም ስሮች እንደ መቀስ ይቆርጡታል ይላል፣ ግን የሳንባው ግፊት እኮ ዝቅተኛ ነው፣ ይበልጥ የሚያስፈራው ግድግዳው ውስጥ ያለው ክፍል ነው፣ አኦርታ በስፖርት ጊዜ ሲለጠጥ እሱ ይጨፈለቃል፣ ስንጥቋም ትጠባለች።

ግራው ከቀኝ ኪስ ተነስቶ በመሀል ካለፈ ከሁሉ አስፈሪው እሱ ነው። ቀኙ ከግራ ኪስ የሚነሳው በብዛት የሚታየው ሲሆን አደጋው ያንሳል። ከግራው የሚከፈለው ሰርከምፍሌክስ ከቀኝ ተነስቶ በአኦርታ ጀርባ ከዞረ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርግም። ግራው ከሳንባው ደም ስር የሚነሳበት ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው፣ በግምት ከ300,000 ወሊድ አንድ ላይ የሚገኝ፣ ጡት ሲጠባ የሚያልበውና ቶሎ የሚደክመው ህጻን ላይ የሚታሰብ፣ ሲገኝ በኦፕራሲዮን ነው የሚስተካከለው።

አናቶሚው ከታወቀ በኋላ ልብ በጉልበት ጊዜ ደም ያጥራታል ወይ የሚለው ይፈተሻል፣ ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ፣ ቢቻል ከኤምአርአይ ወይ ከሌላ ምስል ጋር። እዚህም ጥንቃቄ፣ ኖርማል ትሬድሚል ሙሉ ነጻ አያወጣም። ውጤቱ ተሰብስቦ እስኪወሰን ድረስ ውድድርና ከባድ ስፖርት ይቁም።

ውሳኔው እንዲህ ነው የሚሄደው፦ ምልክት ካለ ወይ ደም ማጠሩ ከታየ፣ ግራም ሆነ ቀኝ፣ ኦፕራሲዮን። ግራው ሆኖ ምልክት ከሌለም፣ በተለይ ወጣት ከሆነ፣ ብዙ ሀኪም ወደ ኦፕራሲዮን ያዘነብላል። ቀኙ ሆኖ ምልክትም ከሌለ ምርመራውም ንጹህ ከሆነ ክትትል ሊበቃ ይችላል፣ እዚህ ላይ ሀኪሞች ራሳቸው ስለማይስማሙ ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅ ነውር የለውም።

ኦፕራሲዮኑ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን ክፍል ከውስጥ ከፍቶ አፉን ማስፋት ነው፣ ካልሆነ ቆርጦ ትክክለኛው ኪስ ላይ መትከል። ባይፓስ፣ ማለትም በሌላ ደም ስር አዲስ የደም መንገድ መስራት፣ የመጨረሻ አማራጭ ነው፣ ምክንያቱም በእረፍት ጊዜ የራሱ ደም ስር በደንብ ስለሚያፈስ አዲሱ ስራ ያጣና ይዘጋል። ከዛ ወደ 3 ወር ገደማ ከውድድር እረፍት፣ እንደገና ትሬድሚል፣ ንጹህ ከሆነ በሀኪም ፈቃድ ወደ ስፖርት። እስከዛ ቤተሰብም አሰልጣኝም ልቡ የቆመን ሰው ለማዳን ደረት መጫን (ሲፒአር) ቢማር ጥሩ ነው።

አንድ ነገር፣ ሌላ ሀኪም ጋ ስትሄዱ የሲቲውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ራሱን ያዙ፣ ሰርጀኑ ምስሉን በራሱ አይን ማየቱ አይቀርም።