«እስክወልድ ልቻለው» እና ሌሎች የነፍሰ ጡር ጥርስ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ጥርስ ማከም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ነፍሰ ጡር በር ላይ ስትቆም የምትለውን ገና ሳትናገር አውቀዋለሁ፤ «ዶክተር፣ እስክወልድ የሚያቆየኝ ማስታገሻ ብቻ ይስጡኝ።»

ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ባለፈው ክረምት አንዲት የሰባት ወር እርጉዝ ከወንጂ መጣች። ጉንጯ አብጦ አንድ ዓይኗ ሊዘጋ ደርሷል። ሦስት ሌሊት አልተኛችም፣ እህል አልቀመሰችም። አማቷ «መርፌው ጽንሱን ይነካል» ብለዋት ቅርንፉድ ነክሳ፣ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ እየገዛች ስትውጥ ሰንብታለች። እስቲ አስቡት! ሊዶኬይንን ፈራች፤ ለነፍሰ ጡር የሚፈቀደውን ማደንዘዣ። ዲክሎፌናክን አልፈራችም፤ ከ20 ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዳ የሚችለውን። ጥርሱን ነቀልኩላት፤ ወንበሩ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ጥርስ በየትኛውም ወር ይታከማል። የማያስቸኩል ከሆነ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ይመቻል፤ ማቅለሽለሹ ጋብ ይላል፣ በጀርባ መተኛቱም ገና አይከብድም። መግል የያዘ ጥርስ ግን ወር አይጠብቅም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል። ጎረቤት የምትሰጥሽን ቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ አትንኪው፣ የልጅሽን ጥርስ ያበላሻል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ጀማሪ እያለሁ አንዷን «ከወለድሽ በኋላ ነይ» ብዬ መልሻታለሁ። ለእሷ አስቤ ሳይሆን ኃላፊነቱን ፈርቼ ነው። ተመልሳም አልመጣች።

ሌላው፣ ድድ ደማ ብሎ ብሩሽ መጣል። በእርግዝና ሆርሞን የተነሳ ድድ በትንሽ ቆሻሻም ይቆጣል፣ ያብጣል። መቦረሽ ስታቆሚ ቆሻሻው ይከማችና የባሰ ይደማል። ጸጉሩ ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ቀን ሁለቴ ቦርሺ። መፋቂያ የለመድሽም ፋቂ፣ ጫፉን ግን በደንብ አላምጠሽ አለስልሺው።

ካስመለሰሽ በኋላ ወዲያው አትቦርሺ። ከሆድ የወጣው አሲድ የጥርሱን ሽፋን አለስልሶታል፣ ብሩሹ ይሞርደዋል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠሽ ተጉመጥመጪ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ።

«ልጁ ካልሲየሙን ከጥርሴ መጠጠው» የምትሉም አላችሁ። አልመጠጠም። አምሮት ነው ተብሎ ሌሊት የሚጠጣውን ለስላሳ ጠይቁት።

የኛ አካባቢ ቡናማ ጥርስም ከእርግዝና ጋር አይገናኝም። በልጅነት የተጠጣው ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ያመጣው ነው። በከሰል የምትፈገፍጉት፣ እባካችሁ ተዉት፣ አይለቅም።