ሰውነትዎን ለሕክምና ትምህርት ሲሰጡ፦ በፍትሐትና በቀብር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

«ስሞት ሰውነቴን ለሕክምና ተማሪዎች እሰጣለሁ» የሚል ካቶሊክ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ለማን ነግረዋል?» ብዬ ነው።

ትልቁ ስህተት ለማንም አለመንገር ነው። እዚህ ደሴ ሰው ጠዋት ካረፈ ከሰዓት ይቀበራል፤ ቢዘገይ ለማግስቱ ነው። ቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ የቀብር ዕድር፣ ሲጠራ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አካፋና ዶማውን ይዞ ይወጣል። ጉድጓዱ ሲቆፈር ሟቹ ሰውነቱን እንደሰጠ የፈረመበት ወረቀት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። አንድ ቤት ወረቀቱ የተገኘው በሠልስቱ ነው፣ የቅሬው ደብተር ሲፈለግ። ልጆቹ «የአባታችንን ቃል በላን» ብለው እንደ አዲስ ለቅሶ ተቀመጡ። ኧረ በፈጠራችሁ! ለባለቤታችሁ፣ ለልጆቻችሁ፣ ለቅሬው ዳኛ፣ ለአባ ንገሩ። ቅጂም ስጧቸው። ቤተሰብ የሚቆጣ ከሆነ እናንተ እያላችሁ ይቆጣ፤ ሬሳ አስቀምጦ ከሚጣላ ይሻላል።

«ሬሳ ከሌለ ፍትሐት የለም» ማለትም ስህተት ነው። ተቀባዩ ትምህርት ቤት ጊዜ ከሰጠ ሬሳው መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፣ ቅዳሴና ፍትሐቱ ይደርሳል፣ ከዚያ ይረከባሉ። ጊዜ ከሌለም ያለ ሬሳ ይቀደሳል። ሬሳው ላይ የሚደረገው ዕጣንና ጸበል ቢቀር ጸሎቱ አይቀርም። ስንት ሰዓት እንደሚሰጡ ሳትፈርሙ ጠይቁ።

«በትንሣኤ ጎዶሎ ሆኜ እነሣለሁ» ብላችሁም አትጨነቁ። ሰማዕታትን አውሬ በልቷቸዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2301 ሬሳን ለሳይንስ ምርምር መመርመር ሊፈቀድ እንደሚችል ይናገራል። ከሞት በኋላ የአካል ክፍልን በነጻ መስጠትም ተገቢ ነው፣ በእግዚአብሔር ዘንድ ዋጋ የሚያሰጥ ሊሆን ይችላል ይላል።

የዓይን ብሌን መስጠት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብሌኑ ተወስዶ ቀብሩ እንደ ወትሮው ይፈጸማል።

የመቃብር ቦታችሁን አትተዉ። ተላላፊ በሽታ ወይም ከባድ አደጋ ካለ ትምህርት ቤቱ አልቀበልም ሊል ይችላል።

ከሁሉ የሚረሳው መጨረሻው ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ፣ ምናልባት ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የቀረው አካል በክብር መቀበር አለበት። አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻችን ደግሞ እዚያ ብዙ ጊዜ ተቃጥሎ አመዱ ለቤተሰብ ይመለሳል። «ሐይቅ ላይ እንበትነው» የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁ። አይሆንም! በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከቫቲካን የወጣው መመሪያ አመዱ አይበተንም፣ ለዘመድ አይከፋፈልም፣ በተቀደሰ ቦታ ይረፍ ይላል። የሚረከበውን ሰው በስም ጻፉ። በዚያን ቀን አባ የመቃብሩን ጸሎት ያደርሳሉ፣ ቅሬውም ይጠራል። የተረካቢው ስልክ ከተቀየረ ለትምህርት ቤቱ ወዲያው አሳውቁ።